እግሬ ተይዟል

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ኤርጫፎ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎ ፖስታ ቤት ደርሶ ሳልወስደው ሰንብቷል። ለዶክትሬቴ የምሠራበት ላብራቶሪና የምንሞክርባቸው በጎች ያሉበት በረት በከተማው ሁለት ጫፍ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስል ፖስታ ቤቱ ይዘጋብኛል። መጻፍዎ ግን ደስ አሰኝቶኛል። ስልኩን እትዬ አመለወርቅ ድምፁን ከፍ አድርገው ይይዙታል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፣ እርስዎም «ደህና ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። በዚያ መሀል ስለ መግል መጠየቅ እኔም አልሆነልኝም።

የጻፉልኝን በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ላረጋግጥ። ባጃጁ ሲቀላ ላይ ተገልብጦ ቀኝ ቅልጥምዎ ከተሰበረ ወዲህ ቁስሉ አመርቅዞ፣ የሞተው አጥንት ተቆርጦ ወጥቷል። መሀሉ ላይ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቀርቷል። ከውጭ የታሰረው ብረት እግሩን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል እንጂ ባዶውን አይሞላም። ስለዚህ ዶክተር ጌዲዮን አዲስ አበባ ሊልኩዎ አስበዋል፤ እዚያ በቀለበት ብረት አጥንቱን ቀስ በቀስ እየሳቡ ያገናኙታል። እንዲህ ከሆነ ጥሩ ሐኪም ገጥሞዎታል።

«ክር እንዴት አጥንት ይሆናል?» ብለው ጠይቀውኛል። አይሆንም። ቤት ሲሠራ ግንበኛው የሚቆምበትን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያስቡ። መወጣጫው ግድግዳ አይደለም፤ ግድግዳው ሲቆም ይነሳል። እኛም ከሐርና ሰውነት ውስጥ ከሚሟሟ ሌላ ክር ቱቦ ጎንጉነን አጥንቱ በጎደለበት ቦታ እናስገባዋለን። ጥቃቅን የደም ሥሮች በክሮቹ መካከል ይገባሉ፣ አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳትም ተከትለዋቸው ይገባሉ። አጥንቱ ሲያድግ ክሩ ሟሙቶ ይጠፋል። ሐሩ ከእኛው ከአርባ ምንጭ የመጣ ነው፣ የጉሎ ቅጠል ከሚበላው ትል። ሥራው ሁሉ ግን ገና በበግ ላይ የሚሞከር ነው።

በወረቀት ብዙ ከምዘበዝብ ብዬ ከተረፈን ላይ አንድ ቁራጭ ጉንጉን ፖስታው ውስጥ አስገብቻለሁ። ከእኔ ቃል ይልቅ እጅዎ ይረዳዋል።

እትዬ አመለወርቅን ሳሙልኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሰሊሆም


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰሊሆም፣

ፖስታሽ ደረሰኝ። ስከፍተው ጉንጉኑ ጭኔ ላይ ወደቀና አመለወርቅ የትል ቅርፊት መስሏት ልታራግፈው ነበር። «ተዪ፣ የእኔ አጥንት ነው» ስላት እጇን ሰበሰበች።

አገላብጬ አየሁት። ሥራሽ ንጹሕ ነው። ክሮቹ እኩል ናቸው፣ ጫፉም አልተበተነም። ግን ሳስቷል፣ ልጄ። ስንዴ ያሳልፋል። እኔ እንዲህ ያለ ነጠላ ገበያ ባወጣ ሴቶቹ መልሰው ይወረውሩብኝ ነበር። አጠገቤ የሚሠራውን በርናባስን ታውቂዋለሽ፣ አፉ አያርፍም። ባሳየው፣ «የወንድምህ ልጅ የዓሣ መረብ ነው እንዴ የምትማረው? ጫሞ ብትወርድ በነጻ ያሳዩዋት ነበር» አለ። ክፍተቱ ሆን ተብሎ የተተወ እንደሆነ፣ ደም የሚገባበት በር እንደሆነ ደብዳቤሽን አነበብኩለት። በጥሞና ሰማኝና «እንግዲያውስ በር ብቻ ያለው ቤት ነው የምትሠራልህ» ብሎ ወጣ።

ስለ እንቅልፌ በስልክ ለጠየቅሽኝ፣ እተኛለሁ። ብረቱ እኩለ ቀን ላይ በሙቀቱ ይግላል፤ አመለወርቅ እርጥብ ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች። ሌላው ጊዜ የሸማ እቃዬ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጬ ድሩን አያለሁ። ሸማኔ በእጁ ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ግማሹ ሥራ የእግር ነው። መርገጫዎቹን የሚያፈራርቅ እግር ከሌለ ድሩ አይከፈትም፣ መወርወሪያውም የሚያልፍበት የለውም። እጄ ደህና ሆኖ ሥራ ፈት መሆኔ ነው የሚያሳፍረኝ።

ናሙናሽን ተቀብያለሁ። የተቀበልኩትም በአመለወርቅና በበርናባስ ፊት ነው። እኔን ብለሽ አትቸኩይ፤ ሠሪ ሲጣደፍ ሥራ ይበላሻል። በጎቹ ግን ቆመው ይሄዳሉ ወይ? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ
ኤርጫፎ


ባሕር ዳር፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ኤርጫፎ፣

አጭር ስለጻፍኩ አይቀየሙኝ፤ ከበረት መመለሴ ነው፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

በጎቹ ይራመዳሉ። አንዷ ትናንት በሩን ገፍታ ወጥታ ጥበቃውን አሯሩጣዋለች።

የእኔ ነገር ያው ነው። ፕሮፌሰሯ ክሩን እንድንቀይር ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ፣ አሁን ለራሴም አልጠራልኝም። «አትቸኩይ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እዚህ እንዲህ የሚለኝ ሰው የለም።

እርስዎስ? አዲስ አበባ መቼ ሄዱ? ተራዎ ከጥምቀት በኋላ እንደሆነ ነግረውኝ ነበር። ባለፈው ስደውል እትዬ አመለወርቅ «ተቀምጧል» ብቻ አሉኝ፤ ከሕክምናው ተመልሰው ይሁን ገና ሳይሄዱ አልገባኝም። የቀለበቱን ብረት ሕመም እንዴት ቻሉት?

ሰሊሆም


ሲቀላ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰሊሆም፣

በጎቹ መራመዳቸውን ሰምቼ ደስ አለኝ። ደብዳቤሽን ለበርናባስ ሳነብለት፣ «ጥበቃ የምታሯሩጥ ከሆነ እግሩ ለአንተ ሳይሆን ለእሷ ይገባታል» አለ። ይበል።

ስለ አዲስ አበባው ጠይቀሽኛል። አልሄድኩም። ዶክተር ጌዲዮን አልጋ ይዞልኝ ነበር፣ ደግ ሰው ነው። ሊነግረኝ ሲመጣ «ዶክተር፣ እግሬ ተይዟል» አልኩት።

«በማን?» አለኝ።

«በወንድሜ ልጅ።»

ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ሲያይ ተወው። «ሐኪም ናት?» አለ።

«ሠሪ ናት» አልኩት። ናሙናሽንም አሳየሁት። በጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። «አቶ ኤርጫፎ፣ ይህ ሰው ላይ አይገባም፣ ገና ነው» አለኝ። «አውቃለሁ፣ እየተሠራ ነው፣ እጠብቃለሁ» አልኩት። ብዙ ለመነኝ። አመለወርቅም አብራ ለመነችኝ። ነገሩን ለሐኪም ማስረዳት ይከብዳል፤ አንቺ ግን የሸማኔ ልጅ ነሽ። ሠሪው የሥራውን ቁራጭ ልኮ አዛዡ ሰው ፊት ከተቀበለ በኋላ ሌላ ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል? ከሄደ «የመጀመሪያው አይችልም» ብሎ ገበያ ላይ እንደመጮህ ነው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማር፣ ወንድሜ ነው፤ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አልተደረገም። አንቺን ከዚያ ሁሉ ትምህርት በኋላ በአንድ እግር ምክንያት አላሳፍርሽም።

እስካሁን ያልጻፍኩልሽም እንዳይከብድሽ ብዬ ነው። አዛዥ ደጅ ላይ ቆሞ «ደረሰ ወይ?» ሲል የሠሪ እጅ እንደሚታሰር አውቀዋለሁ።

እግሩ ደህና ነው። ከታች በኩል ትንሽ ማርጠብ ጀምሯል። አመለወርቅ ሽታ አለው ትላለች፤ እሷ ሁሉም ነገር ይሸታታል።

አጎትሽ
ኤርጫፎ


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሰላምታ ሳላስቀድም ለመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ነገ በአውሮፕላን ወደ አርባ ምንጭ ለምትሄድ ተማሪ ስለምሰጣት እጅዎ ላይ ወዲያው ይደርሳል።

የላክሁልዎ ቁራጭ ናሙና አልነበረም። ከመቀስ የተረፈ ነው፤ እንዲያዩት ብቻ ነበር። አባቴ እቃው ላይ ተቀምጦ ሰው ፊት ናሙና ሲሰጥ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ለሸማኔ ቁራጭ ሥራ በፖስታ መላክ ምን ማለት እንደሆነ መርሳት አልነበረብኝም። እዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቁራጭ እሰጣለሁ። ለተማሪ፣ ለእንግዳ፣ ለጋዜጠኛ። ለእርስዎም እንደዚያው ላክሁ።

አሁን ስለ በጎቹ እውነቱን ልንገርዎ። «ቆመው ይሄዳሉ ወይ?» ሲሉኝ «ይራመዳሉ» አልኩ። ይራመዳሉ። የሚራመዱት ግን አጥንታቸው ላይ ያሰርነው ብረት ስለያዛቸው ነው። ጥር ላይ የአንዷን ከፍተን አየን። ከላይም ከታችም አጥንት ጀምሯል፣ መሀሉ ግን ለስላሳ ነው። ክሩ አጥንቱ ሳይደርስ ቀድሞ ሟሟ። መወጣጫው ግድግዳው ሳይቆም ወደቀ ማለት ነው። ሌሎቹም ከእሷ ብዙ አይለዩም። ይህን የካቲት ላይ አውቀው ነበር። እርስዎን ማሳዘን መስሎኝ ተውኩት፤ አዲስ አበባ ሄደው ታክመዋል ብዬ ነበር የማስበው።

ቢሳካ እንኳ ለሰው እስኪፈቀድ ዓመታት ያልፋሉ። እርስዎ ዘንድ የሚደርስ አይደለም። ስለዚህ አይጠብቁኝ።

እኔ አላፍርም። ቢያሳፍረኝም ልፈር፤ ምንም አይደለም። ሠሪው ራሱ ሰው ፊት «አልቻልኩም» ካላለ ትእዛዙ እንደማይፈታ አውቃለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። እትዬ አመለወርቅ ድምፁን ከፍ ያድርጉት። በርናባስም ይምጡ፣ ሌላ ሰውም ካለ ይጠራ። እስከዚያ ግን ቁስሉን ዛሬውኑ ለዶክተር ጌዲዮን ያሳዩ። ሽታ አለው ብለው የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት።

ሰሊሆም


ሲቀላ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰሊሆም፣

እሑድ መልካም ተናገርሽ። ድምፅሽ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረ እንጂ ቃሉ አልተሰበረም። «ሥራውን አልቻልኩም፣ አጎቴ ወደፈለገው ይሂድ» ስትዪ ሰው ሁሉ ሰማ። ከበርናባስ ሌላ የአመለወርቅ ወንድምም ነበር፣ ሁለት ሸማኔዎችም መጥተው ነበር። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። አንድ ሰው እንኳ የንቀት ቃል አልተናገረም፣ እወቂው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በርናባስ ብቻ «አሁን ገና ሠሪ ሆነች፤ እኔ ‹አልቻልኩም› ለማለት ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ «ዶክትሬት ማለት እንግዲህ ይህ ነው?» ሲል አመለወርቅ በማማሰያ አባረረችው።

ስለ በጎቹ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልተቀየምኩሽም። ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ጥር ላይ «መሀሉ አልያዘም» ብለሽ ብትጽፊልኝ እረዳው ነበር። ድር መሀሉ ላይ ሲበጠስ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ማክሰኞ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ጌዲዮን ፋሻውን ፈትቶ ካየ በኋላ ነርሷን ጠራ፣ ደም አስወሰደኝ፣ መርፌ አስጀመረኝ። «ለአዲስ አበባው ከፋሲካ በኋላ ሌላ ተራ እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ይህ መግል መቆም አለበት» አለኝ። ይቆማል ወይ አልኩት። «እናያለን» አለ። ሐኪም «እናያለን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አመለወርቅን ጠየቅኳት። ጾም ላይ ነኝ፣ አታናግረኝ አለችኝ።

አልጋ ይዤ ነው የምጽፍልሽ። ሙቀቱ ከብዷል። ሌሊት ያንቀጠቅጠኛል፣ ጠዋት ይተወኛል። አንቺ ግን እህል ብዪ፤ በስልክ ድምፅሽ ቀጥኗል።

ኤርጫፎ


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ከአርባ ምንጭ በደህና ተመልሼ ገብቻለሁ። ሳልደውል የቆየሁት ስለደከመኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አልጋዎ አጠገብ በተቀመጥኩባቸው ቀናት ስለ ጥጥ ዋጋ፣ ስለ ሲቀላ አዲሱ መንገድ፣ ስለ በርናባስ ጥርስ አወራን። አንሶላው በቀኝ በኩል ከጉልበትዎ በታች ጠፍጣፋ ሆኖ እያየሁት ስለ ጥጥ እጠይቅዎ ነበር። እርስዎም ይመልሱልኝ ነበር። ዶክተር ጌዲዮንን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ልጠይቃቸው ብዬ፣ ሰላምታ ሰጥቼ አለፍኩ። ስለዚህ ፊት ለፊት ያልሆነልኝን በደብዳቤ ልጠይቅዎ።

ጥር ላይ አዲስ አበባ ቢሄዱ ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር?

እውነቱን ይጻፉልኝ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለው አይመልሱልኝ፤ እትዬ አመለወርቅ ብለውኛል። እኔ የምፈልገው ሐኪሙ ያሉትን ነው።

እዚህ ሥራው ቀጥሏል። አዲሱ ክር ቀስ ብሎ ይሟሟል፤ አዳዲስ በጎች ገብተዋል። እኔ ግን በረቱ በር ላይ ስደርስ እግሬ አልገባም ይለኛል። ለፕሮፌሰሯ ልልቀቅ ብዬ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፣ ገና አልሰጠሁም። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ፣ እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ሰሊሆም


ሲቀላ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰሊሆም፣

ጥያቄሽን ለዶክተር ጌዲዮን አደረስኩት። ፋሻ ሲቀይርልኝ ነው የጠየቅኩት። ጨርሶ እጁን ታጠበና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጥር ላይ ቁስሉ ንጹሕ ነበር። ቢሄዱ ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። መቶ በመቶ ግን ማንም አይልዎትም» አለኝ። እንዳለው ጻፍኩልሽ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አላለዘብኩም።

አልጋውን ትቼ «ተይዟል» ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ስለ በጎቹ ዝም አልሽ። ሁለታችንም ሌላውን ላለማስከፋት ብለን ነው። ይህን አውቀን እንኑር፤ ከዚህ በላይ አታገላብጪው፣ እኔም አላገላብጠውም።

እግሩ በተቆረጠ ሰሞን የሆነውን፣ ማንም ያልነገረሽን ላጫውትሽ። እግሩን ሆስፒታል ይጣል ሲሉ አመለወርቅ እምቢ አለች። እኔ በሠራሁት ጋቢ ጠቅልለው በርናባስና ወንድሟ በፒካፕ ወደ መንደራችን ወደ ገረሴ ወሰዱት፣ ከአባቴና ከአባትሽ መቃብር አጠገብ ቀበሩት። መንደሩ መኪና ሲያይ ለቅሶ መስሎት ወጣ። አንድ ሽማግሌ «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ። «የኤርጫፎ እግር» አላቸው በርናባስ። «እሱስ?» «እሱ ሾርባ እየጠጣ ነው።» ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረው ነበርና ይቀጥሉ ይተዉ ግራ ገባቸው። ግማሾቹ ቀጠሉ። በርናባስ ይህን ሲነግረኝ ስቄ ስፌቱ አመመኝ። ከሳቅሁ በኋላ ግን አለቀስኩ፤ እስከዚያች ቀን አላለቀስኩም ነበር።

ስለ ሥራሽ ተዪም ቀጥዪም አልልሽም። እኔ የማዝሽ ሰው አይደለሁም፤ ትእዛዛችን በስልክ በተናገርሽባት እሑድ ተፈቷል። ይልቅ ደክሞሻል። መጀመሪያ ወደ ቤትሽ ነይና ተኚ። ሲነጋ የምታስቢው ከአሁኑ የተለየ ከሆነ እሱን አድርጊ። በጎቹን የምትተዪያቸውም ከሆነ ለሚረከብሽ ሰው መሀሉ እንዳልያዘ አስቀድመሽ ንገሪው።

ቅዳሜ ወደ ሸማ እቃዬ ጉድጓድ ወረድኩ። አመለወርቅና በርናባስ ደግፈው አወረዱኝ። ግራ እግሬ አንዱን መርገጫ ረግጦ ይለቅና ወደ ሌላው ይሻገራል። መወርወሪያው ሳይደርስ ድሩ ይዘጋብኛል፣ እንደገና እከፍታለሁ። ማግ ተበጠሰብኝ፣ ቀጠልኩት። እስከ ምሳ የሠራሁት አንድ ክንድ አይሞላም፤ ድሮ ጠዋት ዓይኔን ሳልታጠብ የምሠራው ነው። ሰው ሠራሽ እግር ይመጣል ብሎኛል ዶክተሩ፣ ሲመጣ እናያለን። አመለወርቅ ማእድ ቤት ሆና ስትሰማኝ ዋለች። «ምን ትሰሚያለሽ?» አልኳት። «ኳ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ኳ ይላል» አለችኝ። «ሰው ሊገባ ፈልጎ ደጅ ላይ እያመነታ የሚያንኳኳ ይመስላል።»

ስትመጪ ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪን።

አጎትሽ
ኤርጫፎ